መጀመሪያ ሰማዩ ይመረጥ

የአሜሪካኗን ተዋጊ አውሮፕላን ዋይልድካትን ለመጀመሪያ ጊዜ በሲሙሌተር፣ በረራን በኮምፒውተር በሚያስመስል ጨዋታ፣ ያበረርኩ ዕለት ልቤን የወሰደው መትረየሷም ሞተሯም አልነበረም። ጎማዋ ነው። ከማኮብኮቢያው እንደተነሳሁ ጎማውን የሚያጥፈውን ቁልፍ ፈለግኩ፣ አጣሁት። ለካ ቁልፍ የላትም። በአብራሪው ቀኝ በኩል አንዲት እጀታ አለች፤ እሷን በእጅ ማዞር ነው። አንዴ ሁለቴ ደግሞ አይደለም፣ 28 ጊዜ ገደማ። ቀኝ እጅ እጀታውን ሲያዞር መሪው ለግራ እጅ ይቀራል። ክንድ በዞረ ቁጥር ሰውነት ይነቃነቃል፣ ሰውነት ሲነቃነቅ መሪው አብሮ ይነቃነቃል፣ አውሮፕላኗም እየተንገዳገደች ትወጣለች። በጦርነቱ ዘመን ገና የተነሱ ዋይልድካቶች እንዲህ ሲወዛወዙ ማየት የተለመደ ነበር። ሲሙሌተሩን የሠሩት ሰዎች ይህን ሁሉ በአንድ ቁልፍ ሊገላገሉት ይችሉ ነበር። አልተገላገሉትም። እኔም ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ዙሩን ስቆጥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ እ.ኤ.አ. በ1942 እዚያ ወንበር ላይ የነበረው ልጅ ክንዱ ምን ያህል ይዝል እንደነበር ገባኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ "የትኛው አውሮፕላን ይግባ?" የሚለውን ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

ጥያቄው ሰሞኑን ተመልሶ መጣ። ጥቂት ጓደኞቼ በትርፍ ጊዜያቸው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የበረራ ሲሙሌተር እየሠሩ ነው። አንዷ ኮክፒት ትስላለች፣ አንዱ የበረራውን ሒሳብ ይሠራል፣ ሌላው የሞተር ድምፅ ይሰበስባል። አንድን አውሮፕላን በወጉ መሥራት ወራት ይፈጃል። ኮክፒቱ ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ጠቋሚና ማብሪያ መሠራት አለባት፤ ሞተሩ በየከፍታው የሚሰጠው ጉልበት መታወቅ አለበት፤ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው በየትኛው ፍጥነት እንደሆነ መለካት አለበት። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዙር አቅማቸው 12 አውሮፕላን ብቻ ነው። ዝርዝሩን የማውጣቱን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ።

የመጀመሪያውን ዝርዝር በግማሽ ሰዓት ጨረስኩት። ስፒትፋየር፣ መሰርሽሚት 109፣ ሙስታንግ፣ ዜሮ፣ ላንካስተር፣ ቢ-17፣ ኢል-2፣ ጄቷ መሰርሽሚት 262... ስማቸው ብቻ ደም ያሞቃል። ማታ ላይ መልሼ ሳየው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ግማሾቹ ሰማይ ላይ ተያይተው አያውቁም። በ1940 ክረምት በእንግሊዝ ሰማይ ላይ ያ ሁሉ ፍልሚያ ሲካሄድ መሰርሽሚት 262 ገና በጄት ሞተር አልበረረችም፤ የበረረችው በጁላይ 1942 ነው። ዜሮ የፓስፊክ ናት፣ ኢል-2 የምሥራቁ ግንባር። ሙስታንግም በርሊን ድረስ ቦምብ ጣዮችን አጅባ መሄድ የጀመረችው በ1944 ነው። ሳላስበው የሠራሁት ሙዚየም ነበር። ሙዚየም ውስጥ አውሮፕላኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ያ ይበቃቸዋል። ሲሙሌተር ውስጥ ግን መገናኘት አለባቸው።

ዝርዝሩን ቀደድኩት።

አሁን የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ ከአውሮፕላኑ በፊት ሰማዩ ይመረጥ። አንድ ቦታ፣ ጥቂት ወራት። ከዚያ በእነዚያ ወራት በዚያ ሰማይ ላይ የበረረው ሁሉ፣ ፈጣኑም ቀርፋፋውም፣ የዚህኛውም ወገን የዚያኛውም፣ አቅም እስከፈቀደ ድረስ ይግባ። አንድን አውሮፕላን ጥሩ ወይም መጥፎ ማለት የሚቻለው ከየት እንደተነሳ፣ ከማን ጋር እንደተገናኘና ስንት ሊትር ነዳጅ እንደቀረው ሲታወቅ ነው። ከዚያ ውጭ የምናወራው ስለ ወረቀት ላይ ቁጥር ነው።

ቡፋሎን እንውሰድ። አጭር፣ ወፍራም፣ በርሜል የምትመስል የአሜሪካ ተዋጊ ናት። በጁን 1942 በሚድዌይ ደሴት የነበሩት የአሜሪካ ማሪኖች ጃፓኖችን ለመግጠም በእሷ ተነሱ። ከ20 ገደማ ቡፋሎዎች 13ቱ አልተመለሱም። ብዙ ሰው ስለ ቡፋሎ የሚያውቀው ይህንን ብቻ ነው፤ የማትረባ ናት ብሎ ይዘጋታል። ፊንላንዶች ግን ከዚያ በፊት 44 ቡፋሎዎችን ገዝተው ነበር። የእነሱ ቀለል ያለችው ዓይነት ነበረች። በ1941 ከሶቪየት ኅብረት ጋር ዳግም ሲዋጉ በእሷ ተአምር ሠሩ። ሃንስ ቪንድ የተባለው አብራሪ ከተመዘገቡለት 75 ድሎች 39ኙን ያገኘው በቡፋሎ ነው። ያቺው አውሮፕላን! የተለወጠው ክብደቷ፣ የሚገጥሟት፣ የአብራሪዎቹ ልምድና ዘዴ ነው። ታዲያ ቡፋሎ ሲሙሌተር ውስጥ ትግባ ወይስ አትግባ? ሰማዩን ሳትነግሩኝ መልስ የለኝም።

ወይም የእንግሊዟን ስፒትፋየርንና የጀርመኗን መሰርሽሚት 109ን ተመልከቱ። የስፒትፋየር መርሊን ሞተር ነዳጁን የሚያገኘው በካርቡሬተር ነበር። አብራሪው አፍንጫዋን በድንገት ወደ ታች ከደፋ ሞተሩ ለቅጽበት ይተነፍሳል፣ ይንተፋተፋል። የጀርመኗ ሞተር ደግሞ ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭ ስለነበር እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። ስለዚህ ጀርመኑ ከኋላው ስፒትፋየር ሲመጣበት መሪውን ወደፊት ገፍቶ ቁልቁል ያመልጣል። እንግሊዙ ተከትሎ ቢደፋ ሞተሩ ይከዳዋል፤ መጀመሪያ አውሮፕላኑን መገልበጥና ከዚያ መውረድ ነበረበት፤ በዚያች ሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ጠላቱ ርቋል። በ1941 ቤያትሪስ ሺሊንግ የምትባል ኢንጂነር መሐሏ የተበሳች ትንሽ ብረት ነዳጁ በሚያልፍበት መስመር ላይ እንድትገባ አደረገች። ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ ነዳጅ እንዳይጎርፍ ይህች ብረት ትይዘዋለች፤ ችግሩ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም በእጅጉ ቀለለ። ስፒትፋየርን ብቻዋን በባዶ ሰማይ ብታበርሯት ይህ ሁሉ ትርጉም የለውም፤ ሞተሩ የሚያስል አሮጌ አውሮፕላን ነው የሚመስላችሁ። ከኋላ ወይም ከፊት 109 ሲኖር ግን ያቺ ሳል የሕይወትና የሞት ጉዳይ ትሆናለች።

የእንግሊዝን ሰማይ ለመምረጥ ጥቂት ቀን አመነታሁ። ያምራል፣ ግን ከሌላው ሁሉ በላይ የተሠራበት እሱ ነው። የጀርመንን ሰማይም አሰብኩ። እሱን በእውነት ለማሳየት በመቶ የሚቆጠሩ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣዮች በአንድ ጊዜ መብረር አለባቸው፣ እያንዳንዱ ቢ-17 ውስጥ ደግሞ አሥር ሰው አለ፤ የትኛውም ትንሽ ቡድን አይችለውም።

የመረጥኩት ጓዳልካናልን ነው። ከኦገስት እስከ ኖቬምበር 1942።

ጓዳልካናል በሰሎሞን ደሴቶች ውስጥ ያለች ደን የለበሰች ደሴት ናት። ጃፓኖች አውሮፕላን ማረፊያ እየሠሩባት ሳለ ኦገስት 7 የአሜሪካ ማሪኖች ወርደው ያዟት። ማረፊያውን ጨርሰው ሄንደርሰን ፊልድ አሉት፣ በሚድዌይ በሞተ አንድ የማሪን አብራሪ ስም። ኦገስት 20 የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ደረሱ፦ 19 ዋይልድካትና ዶንትለስ የተባሉ 12 ቦምብ ጣዮች። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት የተደረገው ነገር ሁሉ በዚያች አንዲት ማኮብኮቢያ ዙሪያ የተደረገ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲደርቅ አቧራ። ዶንትለሶቹ ለመርከብ የተሠራውን ጠንካራ የኋላ ጎማ ይዘው ስለመጡ ባረፉ ቁጥር መሬቱን ያርሱት ነበር። ሲሙሌተር ሠሪ ከዚህ የተሻለ መድረክ አያገኝም። ቦታው ትንሽ ነው፤ የሁለቱም ወገን አውሮፕላኖች ዓይነት ተቆጥሮ ያልቃል፤ እያንዳንዱ አውሮፕላን ደግሞ እዚያ የተገኘበት ግልጽ ምክንያት አለው።

ከጃፓን ወገን መጀመሪያ የምትመጣው ዜሮ ናት። ሁሉም ሰው ዜሮን የሚያውቃት በመታጠፍ ችሎታዋ ነው፤ እውነት ነው፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ዋይልድካት ልትከተላት አትችልም። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ርቀቷ ነው። ጃፓኖች የሚነሱት በኒው ብሪተን ደሴት ላይ ካለው ሰፈራቸው ከራባውል ነበር። ከራባውል ጓዳልካናል ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለመሄድ ሰዓታት፣ እዚያ ደርሶ ለመዋጋት ጥቂት ደቂቃ፣ ለመመለስ ደግሞ እንደገና ሰዓታት። ይህ ሁሉ በአንድ ሞተርና በአንድ ሰው። ዜሮ ይህን የቻለችው ቀላል ስለሆነች ነው። ስትነሳ 2.4 ቶን ገደማ ትመዝናለች፤ ዋይልድካት ከእሷ በአንድ ቶን በላይ ትከብዳለች። ያ አንድ ቶን ውስጥ አብራሪውን ከጥይት የሚከልል ብረትና ሲመታ ራሱን የሚደፍን የነዳጅ ታንክ አለ። ዜሮ ሁለቱም የሏትም። የርቀቷም የደካማነቷም ምንጭ አንድ ነው፤ አንዱን ካሳያችሁ ሌላውንም ማሳየት ግድ ነው።

እዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር የተከራከርንበት ነገር ነበር። አንደኛው "አዲሷን ዜሮ እናስገባ፣ ሞተሯ ይበልጣል" አለ። ሞዴል 32 የምትባለውን ማለቱ ነው። የክንፏ ጫፍ የተቆረጠ፣ ሞተሯ የተሻሻለ። ወረቀት ላይ ትበልጣለች። ግን ሞተሩ ቦታ ስለያዘ ታንኳ አንሷል። ከራባውል ጓዳልካናል ሄዳ መዋጋትና መመለስ አትችልም! ጃፓኖች በመሐል መንገድ ቡዪን ላይ ማረፊያ እስኪሠሩ ድረስ እነዚያ አዳዲስ አውሮፕላኖች ራባውል ቁጭ ብለው አሮጌዎቹ ናቸው የሚሄዱት። ስለዚህ ሁለቱም ይግቡ አልኩ። ተጫዋቹ በኦገስት ሞዴል 32ን መርጦ ወደ ጓዳልካናል ቢነሳ ማንም አይከልክለው፤ ሲመለስ ባሕሩ ላይ ነዳጅ ሲያልቅበት ራሱ ይረዳዋል።

ይህ የርቀት ነገር ምን ማለት እንደሆነ እኔም የገባኝ ቁጥር ሳነብ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ማፍጠኛውን ሳልነካ የመልሱን ጉዞ ብቻ ልበርር ብዬ ተቀመጥኩ። ራሰል ደሴቶች አለፉ፣ ኒው ጆርጂያ አለፈ። ከዚያ ባሕር። ሞተሩን ነዳጅ እንዲቆጥብ አዝግሜዋለሁ፤ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው፣ ጭው ያለ። የነዳጅ ጠቋሚውን በየደቂቃው አያለሁ፣ በየደቂቃው ያው ነው፤ ለቡና ተነስቼ ስመለስ ግን ወርዷል። ፊት ለፊት ደመና ተደርድሯል። ዞሬው ልለፍ ወይስ ልግባበት? መዞር ነዳጅ ነው፣ መግባት መንገድ መሳት ነው። የሬዲዮው ጥራት እምብዛም ስለነበር ክብደት ለመቀነስ ነቅለው የጣሉት የዜሮ አብራሪዎች ነበሩ፤ የሚጠየቅ ሰው የለም ማለት ነው። በኦገስት 7 ሳቡሮ ሳካይ የተባለው ዝነኛ አብራሪ በጭንቅላቱ ተመትቶ፣ ቀኝ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ይህንኑ መንገድ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ በርሮ ራባውል ደርሷል። እኔ ደህና ሆኜ፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ የቡገንቪል ደሴት ከአድማስ ብቅ ስትል ትከሻዬ ደርቆ ነበር። ያን ዕለት አንዲት ጥይት አልተኮስኩም። ሲሙሌተር ላይ ካሳለፍኳቸው ሰዓታት ሁሉ የማልረሳው ግን እሱን ነው።

በሌላው በኩል ዋይልድካት አለች። ከዜሮ ትዘገያለች፣ ትከብዳለች፣ ስትወጣ ታዘግማለች። እንዴት ታዲያ ቆመች? ጫካ ውስጥ የተደበቁ የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎች የጃፓን አውሮፕላኖች በቡገንቪል ላይ ሲያልፉ በሬዲዮ ይናገሩ ነበር። ያ ሄንደርሰን ላይ ላሉት ሁለት ሰዓት ያህል ይሰጣቸዋል። ዋይልድካት ከቦምብ ጣዮቹ በላይ ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ትፈልጋለች፤ ማስጠንቀቂያው ከደረሰ ጊዜው ይበቃታል። ከላይ ትጠብቃለች፣ አንዴ ቁልቁል ትወርዳለች፣ ትተኩሳለች፣ እዚያው ወደ ታች ትቀጥላለች። ከዜሮ ጋር መዞር የለም። ጂሚ ታች የተባለ የባሕር ኃይል አብራሪ ደግሞ ሁለት ዋይልድካቶች እየተጠላለፉ አንዷ የሌላዋን ጀርባ የምትጠብቅበትን ዘዴ አመጣ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዋይልድካትን ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ከፍታ፣ ያለ ጓደኛ ከዜሮ ፊት ለፊት ካቆማችኋት የሞት ወጥመድ ናት። ጨዋታው እንዲመጣጠን ብሎ ሞተሯን በድብቅ ማጎልበት ደግሞ ውሸት ነው። የሚያመጣጥኗት ያቺ ሬዲዮ፣ ያቺ የግማሽ ሰዓት መውጣት፣ ያ 1,000 ኪሎ ሜትር ናቸው። እነሱ ይሠሩ።

የበረራውን ሒሳብ የሚሠራው ጓደኛዬ ከሁሉ የፈራው ዜሮን ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ በርካታ የጃፓን ወታደራዊ ሰነዶች ሆን ተብለው ተቃጥለዋል፤ ታዲያ ቁጥሩን ከየት ያመጣል? የኔ መልስ የአኩታን ዜሮ ነበር። ጁን 4፣ 1942 ታዳዮሺ ኮጋ የተባለ ወጣት አብራሪ አላስካ ውስጥ ደች ሃርበርን ካጠቁት ጋር ነበር። ዘይት የሚያልፍበት ቱቦ ተመታ። አኩታን በምትባል ደሴት ላይ ሣር የለበሰ ሜዳ አይቶ ጎማውን አውርዶ ሊያርፍ ወረደ። ሜዳው ረግረግ ነበር። ጎማዎቹ ተቀረቀሩ፣ አውሮፕላኗ ተገለበጠች፣ ኮጋ እዚያው ሞተ። አውሮፕላኗ ግን ያን ያህል አልተጎዳችም። ከአንድ ወር በኋላ ካታሊና የምትባል አንዲት የአሜሪካ የባሕር አውሮፕላን አየቻት፤ ወደ ሳንዲያጎ ወስደው ጠገኗት፤ በሴፕቴምበር አበረሯት። ያገኙት ነገር ለሲሙሌተር ሠሪ ወርቅ ነው። ፍጥነቷ ከ200 ኖት ሲያልፍ፣ በሰዓት ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው፣ ክንፏ ላይ ያሉት ማጋደያዎች ይደርቃሉ፤ መሪውን ለማዘንበል ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ወደ ግራ ከወደ ቀኝ ይልቅ ቀልጠፍ ብላ ትገለበጣለች። አፍንጫዋን በድንገት ስትደፋ ደግሞ ሞተሯ ይቋረጣል፣ እንደ ስፒትፋየር። ለዋይልድካት አብራሪ ይህ ምን ማለት ነው? ቁልቁል ውረድ፣ ፍጥነት ጨምር፣ ወደ ቀኝ ታጠፍ። እያንዳንዷ ነገር ልክ ሆና ካልተሠራች ይህ ማምለጫ አይሠራም፤ ማምለጫው ካልሠራ ደግሞ የጓዳልካናል ሰማይ አይደለም።

ስለ ኮጋ ሳስብ ሁሌም አንድ ነገር ይሰማኛል። እኛ የምናበርረው ሒሳብ እሱ ከሞተባት አውሮፕላን የተለካ ነው።

የቀሩትን በፍጥነት ልለፋቸው፣ ከአንዷ በስተቀር። ዶንትለስ ግድ ናት፣ የጃፓንን ማጓጓዣ መርከቦች የመታችው እሷ ናት። አቬንጀር ቶርፔዶ ለመጣል። ፒ-400 ሞተሯ ከአብራሪው ጀርባ ያለ የአሜሪካ ጦር ተዋጊ ናት፤ ለእንግሊዝ የታሰበች ስለነበረች የኦክስጅን ዕቃዋ ደሴቷ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም፣ አብራሪዎቹም ከፍ ብለው መዋጋት አልቻሉም፤ ዝቅ ብላ እግረኛውን ስታግዝ ግን ማሪኖቹ ወደዷት። እሷም ትግባ፣ ያለ ኦክስጅን። ካታሊናም ትግባ፤ ቀርፋፋ ትልቅ የባሕር አውሮፕላን ናት፤ በኦክቶበር 15 አንድ ማሪን ሁለት ቶርፔዶ አንጠልጥሎባት በጠራራ ፀሐይ የጃፓን መርከቦችን አጥቅቶባታል። ከጃፓን ወገን ጂ4ኤም፣ ርቀቷ የሚያስደንቅ፣ ታንኳ ሲመታ ደግሞ እንደ ችቦ የምትነድ ባለ ሁለት ሞተር ቦምብ ጣይ። ቁልቁል ወርዳ ቦምብ የምትጥለው ዲ3ኤ፣ በኦገስት 7 ዘጠኙ መመለሻ ነዳጅ እንደሌላቸው እየታወቀ ተልከዋል፤ ሲመለሱ ባሕር ላይ እንዲያርፉ ነበር ዕቅዱ። ተንሳፋፊ የተገጠመላት ዜሮ። ባለ ድርብ ክንፏ ኤፍ1ኤም።

ያቺ አንዷ አር4ዲ ናት። ማጓጓዣ። የሲቪሏ ዲሲ-3 የባሕር ኃይል ስሟ ነው። ዝርዝሩን ሳቀርብ ከሁሉ የተቃወሟት እሷን ነበር። "መትረየስ የላትም። ማን ያበርራታል? የእሷን ወራት ሌላ ነገር እንሥራበት።" ጥያቄው አግባብ አለው፣ አልናቅኩትም። የመለስኩት በኦክቶበር 13 ሌሊት ነው። ኮንጎና ሃሩና የተባሉ ሁለት የጃፓን የጦር መርከቦች ወደ ደሴቷ ተጠግተው ሄንደርሰን ላይ ከ900 በላይ ትላልቅ ጥይቶች አዘነቡ። ሲነጋ ከአውሮፕላኖቹ ከግማሽ በላይ ጥቅም ላይ አይውሉም፣ ቤንዚኑም አብዛኛው ነድዷል። ሰዎቹ ከተሰባበሩ ቢ-17ዎች ታንክ ውስጥ ነዳጅ ይቀዱ ጀመር። ያኔ ነው እነዚህ መትረየስ የሌላቸው አውሮፕላኖች በርሜል በርሜል ቤንዚን ጭነው የመጡት። የአንዷ ጭነት 12 ዋይልድካቶችን ለአንድ ሰዓት ያህል አየር ላይ ያቆያል። አንድ ሰዓት! ሲመለሱ ቁስለኛ ይጭናሉ። ጥይት ጉድጓድ ባበጀው ማኮብኮቢያ ላይ፣ ሆዷ ሙሉ ቤንዚን ይዛችሁ፣ የጃፓን መድፍ እየተኮሰ ለማረፍ ሞክሩና ከዚያ ማን ያበርራታል በሉኝ። ተጫዋቹ በዋይልድካት ተነስቶ የነዳጅ ጠቋሚው ግማሽ ብቻ እንደሆነ ሲያይ፣ ግማሽ የሆነው ትናንት አንዷ አር4ዲ ስላልደረሰች መሆኑን ቢያውቅ እንዴት ያለ ሲሙሌተር ይሆን ነበር።

የተውኳቸው ያሳዝኑኛል። ቶርፔዶ ጣይዋ ዴቫስቴተር ከሁሉ በላይ። በሚድዌይ 15 ሆነው ሆርኔት ከተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የተነሱት ሁሉም ወደቁ፤ ከ30 ሰው የተረፈው ጆርጅ ጌይ ብቻ ነው። ግን በጓዳልካናል ቦታዋን አቬንጀር ይዛለች፣ ስለዚህ ለዚህ ሰማይ አትሆንም። መሰርሽሚት 262ንም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አልጠላኋትም። ሞተሯ ከ10 እስከ 25 ሰዓት ከሠራ በኋላ የሚወጣ፣ ጋዝ በፍጥነት ከሰጡት የሚጠፋ አውሮፕላን በራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ግን የእሷ ሰማይ የ1945 ጀርመን ነው፤ ነዳጅ ያለቀበት፣ ከማረፊያው ዳር ሙስታንግ የሚጠብቃት። ያ ሰማይ ሳይሠራ እሷን ብቻ ማስገባት ከሕይወቷ ፍጥነቷን ብቻ ነጥቆ መውሰድ ነው።

ሁለተኛ ሰማይ የመሥራት አቅም ከተገኘ ግን ምርጫዬን ከአሁኑ ነግሬያቸዋለሁ፦ የካውካሰስ ሌሊት፣ ከ1942 እስከ 1943፣ ፖ-2። ከእንጨትና ከሸራ የተሠራች ባለ ድርብ ክንፍ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ናት፤ ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ። ማሪና ራስኮቫ ያቋቋመችው 588ኛው የሌሊት ቦምብ ጣይ የሶቪየት ሬጅመንት ሙሉ በሙሉ ሴቶች ነበሩ፣ አብራሪዋም መካኒኳም። ዒላማው ሲቃረብ ሞተሩን ያዘገሙና በጨለማ ውስጥ ይንሸራተታሉ፤ ታች ያለው ወታደር የሚሰማው ነፋስ በሽቦዎቹ መሐል ሲያፏጭ ብቻ ነው። በአንድ ሌሊት ስምንትና ከዚያ በላይ ጊዜ ይመላለሱ ነበር፣ በጦርነቱ ሁሉ ከ23,000 በላይ በረራ። እስከ 1944 ድረስ ፓራሹት እንኳ አይዙም። እሷን ለመሥራት ሁለት ሦስት ጠቋሚ፣ አንድ ቀርፋፋ ሞተርና ጨለማ ይበቃል። የሽቦው ድምፅ ግን ልክ መሆን አለበት።

ዝርዝሩን ልኬያለሁ። ስድስት ከዚህ፣ ስድስት ከዚያ። ሁለት ቀን ዝም አሉ። ትናንት ማታ ኮክፒት የምትስለው ጓደኛዬ ደወለች። ሰላምታም ሳታበዛ፣ "አር4ዲ ውስጥ በርሜሎቹ የሚታሰሩት በምንድን ነው፣ በገመድ ነው በሰንሰለት?" አለችኝ። ፎቶ ፍለጋ ላይ ነኝ።